ጥርት ብሎ የሚወርደው ውኃ፦ የዶሮ ፍግ፣ የግጦሽ ሣርና የኢሊኖይ ወንዝ

በአፈርና ውኃ ጥበቃ ትምህርት ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ነገር የተራቆተ መሬት ለጎርፍ የተጋለጠ፣ ሣር የለበሰ መሬት ደግሞ የተጠበቀ መሆኑን ነው። ይህ ትምህርት እውነት ነው፤ ሣር የዝናቡን ጠብታ ኃይል ያበርዳል፣ ሥሩ አፈሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ቁልቁል የሚወርደውንም ውኃ ያዘገያል። ከታረሰ ማሳ ደፍርሶ የሚወርደው ጎርፍ ከግጦሽ መሬት ሲወርድ ጥርት ብሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ውኃው ስለጠራ ብቻ ንጹሕ ነው ብለን ስንደመድም ነው። ዓይናችን የሚያየው ደለልን ነው፤ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ፎስፈረስ (ሣርንም በውኃ ውስጥ የሚበቅል አልጌንም የሚመግበውን ንጥረ ነገር) አያይም። የእንስሳት ፍግ በሣር ላይ በተበተነበት ስፍራ ደግሞ ከመሬቱ አምልጦ ወደ ወንዝ የሚሄደው ፎስፈረስ በአብዛኛው የሟሟው ነው።

ይህን ጉዳይ ለማስረዳት የመረጥኩት በአሜሪካ የአርካንሶና የኦክላሆማ ግዛቶች የሚጋሩትን የኢሊኖይ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ወንዙ ከኢሊኖይ ግዛት ጋር ግንኙነት የለውም። ከሰሜን ምዕራብ አርካንሶ ኮረብታማ አገር ተነሥቶ ወደ ኦክላሆማ ይሻገርና፣ የቼሮኪ ሕዝብ መዲና በሆነችው በታሌኳ ከተማ አቅራቢያ አልፎ፣ ተንኪለር በሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከተጠራቀመ በኋላ ከአርካንሶ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። የኦክላሆማ ሕግ አውጪዎች በ1970 ባወጡት ሕግ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ውበታቸው እንዲጠበቁ ከተከለሉት ጥቂት ወንዞች አንዱ ይኸው ወንዝ ነው። በሙቀቱ ወራት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ብዙ ሰው በታንኳ ይንሸራሸርበታል፤ በአንድ ወቅት ጠጠሩ ከላይ ይታይ የነበረ ወንዝ መሆኑንም የአካባቢው ሰዎች ያስታውሳሉ።

የተፋሰሱ አፈር በብዙ ስፍራ ስስና ጠጠር የበዛበት፣ ከሥሩም የኖራ ድንጋይ ያለበት በመሆኑ ለእህል እርሻ እምብዛም አይመችም። ገበሬው ኑሮውን የመሠረተው በሣርና በሥጋ ከብት ላይ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሥጋ ዶሮ ኢንዱስትሪ በዚህ አገር ሲስፋፋ ሥራው የተደራጀው በኮንትራት ነው፤ ኩባንያው ጫጩቱንና መኖውን ያቀርባል፣ ገበሬው በራሱ ወጪና ብድር የዶሮ ቤቱን ሠርቶ ያሳድጋል። ዶሮዎቹ የኩባንያው ናቸው። በቤቱ ወለል ላይ የሚቀረው የሰጋቱራ ጉዝጓዝ ከኩሱና ከፈሰሰው መኖ ጋር ግን የገበሬው ድርሻ ይሆናል። ገበሬውም ይህን ፍግ አውጥቶ በአቅራቢያው ባለው የግጦሽ ሣር ላይ ይበትነዋል። መበተኑ ጥሩ ምክንያት ነበረው፤ ደካማ የነበረው መሬት በፍጉ ምክንያት ለምለም ሣር አብቅሏል፣ ከብቱም ጨምሯል። ፍግ ቆሻሻ ነው ብዬ ለመክሰስ አልተነሣሁም፤ ፍግ የአፈር ምግብ ነው። የሚያሳስበኝ ሒሳቡ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ቶን የሥጋ ዶሮ ፍግ በግምት 30 ኪሎ ናይትሮጅንና ከ13 እስከ 15 ኪሎ ፎስፈረስ ይይዛል። አንድ ገበሬ ለሣሩ የሚበቃ ናይትሮጅን እሰጣለሁ ብሎ በሄክታር 5 ቶን ቢበትን 150 ኪሎ ናይትሮጅን ሰጠ ማለት ነው፤ ከዚሁ ጋር ሳያስበው ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ ፎስፈረስ ጨምሯል። ሣር ከፎስፈረስ ይልቅ ስምንት ጊዜ ያህል የሚበልጥ ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ፍጉ ግን የያዘው ናይትሮጅን ከፎስፈረሱ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ከመሬቱ በዓመት 8 ቶን ድርቆሽ አጭዶ ወደ ሌላ ስፍራ የሚልክ ገበሬ ከድርቆሹ ጋር ወደ 24 ኪሎ ፎስፈረስ ያወጣል፤ የቀረው 45 ኪሎ ገደማ በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ሣሩን በከብት የሚያስግጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከብቱ የበላውን ፎስፈረስ አብዛኛውን በእበቱ እዚያው ስለሚመልሰው፣ ሄክታሩ በዓመት 300 ኪሎ የከብት ክብደት ቢያተርፍ እንኳ ከመሬቱ የሚወጣው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ፎስፈረስ ብቻ ነው። ይህ ለአሥርና ለሃያ ዓመታት ሲደጋገም አፈሩ ከሣሩ ፍላጎት እጅግ የራቀ ክምችት ይይዛል።

ይህ ሁሉ ፎስፈረስ ከየት መጣ? መልሱ ከመኖው ነው። በቆሎውና አኩሪ አተሩ የሚበቅለው በሌሎች ግዛቶች ነው፤ በዚያ ከአፈር የወጣው ፎስፈረስ በባቡር ተጭኖ ወደ ዶሮ ቤቶቹ ይገባል። የዶሮው ሥጋ ጥቂቱን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ የተረፈው በተፋሰሱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገበሬ በየበኩሉ ጠንቃቃ ቢሆን እንኳ ለተፋሰሱ የሚገባው ከሚወጣው እስከበለጠ ድረስ ክምችቱ አይቆምም። ለእኔ ነገሩን ሁሉ የሚገልጠው ይህ ነጥብ ነው።

አሁን ዝናቡ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እንመልከት። በታረሰ ማሳ ላይ ፍጉ ከአፈር ጋር ይገለበጣል፤ በቋሚ ሣር ላይ ግን መሬቱ ስለማይታረስ ፍጉ ከላይ እንደተቀመጠ ይቆያል፣ ቀስ በቀስ የሚገባውም ፎስፈረስ በላይኛዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ውስጥ ይታሰራል። በመሬት ላይ የሚፈሰው የዝናብ ውኃ የሚነካካው ደግሞ ይህንኑ ስስ ሽፋን ነው። ከሥር፣ በሃያ ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ፣ ፎስፈረስን አጥብቆ ሊይዝ የሚችል አፈር ቢኖርም ጎርፉ ወደዚያ አይደርስም። በዚህ ምክንያት አጠቃላይ የአፈር ምርመራው መጠነኛ ውጤት ያሳየ የግጦሽ መሬት እንኳ ከላይኛው ቆዳው የሚለቀው ፎስፈረስ ከተጠበቀው በላይ ሊሆን ይችላል።

በአርካንሶ ዩኒቨርሲቲና በፌይትቪል ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ጣቢያ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ሲያጠኑ የኖሩት በትናንሽ የሣር መደቦች ላይ ሰው ሠራሽ ዝናብ በማዝነብ ነው። ፍግ ይበትናሉ፣ በተወሰነ ኃይል ያዘንባሉ፣ ከመደቡ ግርጌ የሚወጣውን ውኃ ሰብስበው ይለካሉ። ከእነዚህና ከሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ሙከራዎች ደጋግመው የወጡት ግኝቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ በውኃው ውስጥ የሚገኘው የሟሟ ፎስፈረስ መጠን ከተበተነው ፍግ ብዛትና በተለይም ፍጉ ውስጥ ካለው በውኃ በቀላሉ ከሚሟሟው ፎስፈረስ ጋር አብሮ ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ከብተናው በኋላ የመጀመሪያው ጎርፍ ያስከተለ ዝናብ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጡት እየቀነሱ ይሄዳሉ። ሦስተኛው፣ በብተናውና በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር፣ በተለይ በመካከል ጎርፍ የማያስከትል ለስላሳ ካፊያ ጥሎ ፍጉን ወደ አፈሩ ካስገባው፣ የሚታጠበው መጠን ይቀንሳል።

ሦስተኛው ግኝት ቀላል ቢመስልም በተግባር ግን ከባድ ነው። ፍግ የሚበተነው ሣሩ ማደግ በሚጀምርበት በጸደይ ወራት (በዚያ አገር ከመጋቢት እስከ ግንቦት) ነው፤ በዚያ አካባቢ ኃይለኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚበዛውም በዚያው በጸደይ ነው። ገበሬው የዶሮ ቤቱን የሚያጸዳው በሁለት የዶሮ ዙሮች መካከል ባለው ጊዜ በመሆኑ ቀኑን እንደ ልቡ አይመርጥም፤ መበተኛ መኪናውንም ብዙ ጊዜ ተከራይቶ ነው የሚያመጣው። የአየር ትንበያ ተመልክቶ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ለወንዙ ትልቅ ነገር ነው፣ ለገበሬው ግን ተራውን ማጣት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያገናዝቡ ገበሬውን ግዴለሽ ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

አንድ ቁጥር ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ከብተና በኋላ ወዲያው በወረደ ዝናብ ከመደቦች የሚወጣ ውኃ በሊትር 10 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ፎስፈረስ ሊይዝ ይችላል። ከአንድ ሄክታር 10 ሚሊሜትር ያህል ውኃ በጎርፍ ቢወርድ 100 ሜትር ኩብ ውኃ ነው፤ አብሮት የሚሄደውም አንድ ኪሎ ፎስፈረስ ይሆናል። ገበሬው በዚያው ሄክታር ላይ 70 ኪሎ በትኖ ነበርና አንድ ኪሎ ቢጠፋ በሣሩ ላይ የሚያየው ልዩነት የለም፤ በኪሱም ላይ የሚሰማው ኪሳራ የለም። ኦክላሆማ በ2002 ለእነዚህ ወንዞች የደነገገችው የፎስፈረስ ጣሪያ ግን በሊትር 0.037 ሚሊግራም ነው። ያች አንዲት ኪሎ ፎስፈረስ የሌለበትን 27,000 ሜትር ኩብ ውኃ እስከዚህ ጣሪያ ድረስ ታደርሰዋለች። በግብርና ሚዛን ከቁጥር የማይገባ ብክነት በወንዝ ሚዛን ሲለካ ከባድ ጭነት ነው። ገበሬውና የወንዙ ጠባቂ ሲነጋገሩ የማይግባቡት ሁለቱም እውነት ይዘው፣ ግን በተለያየ ሚዛን እየመዘኑ በመሆኑ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ሰው የውኃውን ዳር በሣር ማጠር መፍትሔ ነው ይላል። በወንዝ ዳር ያለ የሣር መከለያ ደለልንና ከደለል ጋር የተጣበቀ ፎስፈረስን በደንብ ያጠምዳል፤ ፍግ የሚበተንበትን ስፍራ ከውኃው ስለሚያርቅም ጥቅሙ የማያጠያይቅ ነው። የሟሟ ፎስፈረስን ግን የሚይዘው ውኃው ወደ አፈሩ ሲሰርግ ብቻ ነው፤ አፈሩ ረክቶ ውኃ ካልጠጣ መከለያውን አልፎ ይሄዳል። መከለያው ራሱ ለዓመታት ፎስፈረስ ሲጠራቀምበት ከኖረ ደግሞ መልሶ ሊለቅ ይችላል። ከታረሰ መሬት የተማርነውን መድኃኒት እንዳለ ወስደን ለሣር መሬት ማዘዝ የማንችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሽታው ሌላ ነውና።

ጎርፉም ቢሆን ከመሬቱ ሁሉ እኩል አይነሣም። በተፋሰስ ውስጥ ውኃው በብዛት የሚነሣው ከወንዝ ዳር ካለው ረግረጋማ ሸለቆ፣ ከተዳፋት ግርጌና አፈሩ ስስ ከሆነባቸው ስፍራዎች ነው። ብዙ ፎስፈረስ ያለበትና ብዙ ጎርፍ የሚነሣበት ስፍራ የሚደራረቡበት መሬት ትንሽ ቢሆንም የጉዳቱን አብዛኛውን ድርሻ ይሸከማል። በአሜሪካ የፎስፈረስ ኢንዴክስ የሚባለው የምዘና ስልት የተሠራው እነዚህን ስፍራዎች ለይቶ «እዚህ በትን፣ እዚያ አትበትን» ለማለት ነው። በሐሳብ ደረጃ ከማንኛውም ጥቅል ክልከላ የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ድክመቱ የሚታየው ክምችቱ ገደብ ያለፈበት መሬት እንኳ ተዳፋቱ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ «አነስተኛ ስጋት» ተብሎ ብተናው ሲቀጥል ነው።

ፎስፈረሱ ወንዙ ውስጥ ሲገባ በድንጋዮች ላይ የሚጣበቅ አረንጓዴ አልጌ ያበዛል። የሁለቱ ግዛቶች ስምምነት ያስጠናው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ የጋራ ጥናት በ2016 ባቀረበው ሪፖርት ላይ አልጌው ሰውን በሚያስቸግር ደረጃ እንዳይበዛ በሊትር 0.035 ሚሊግራም አካባቢ ያለ መጠን እንዳይታለፍ የሚል ምክር ሰጥቷል፤ ኦክላሆማ ቀድሞ ከደነገገችው ጋር የተቀራረበ ቁጥር ነው። ወደ ተንኪለር ሐይቅ የደረሰው ደግሞ በላዩ የሚንሳፈፈውን አልጌ ይመግባል። አልጌው ሞቶ ወደ ሥር ሲወርድና ሲበሰብስ የታችኛውን ውኃ ኦክስጅን ይጨርሳል፤ በሙቀቱ ወራት የላይኛውና የታችኛው ውኃ ስለማይቀላቀሉ ዓሣ የሚኖርበት ስፍራ ይጠባል። በዚህ ላይ በሐይቁ ወለል ላይ ያለው ደለል ኦክስጅን ሲያጣ ይዞት የነበረውን ፎስፈረስ ይለቃል፤ ሐይቁ ከውጭ ሳይገባበት እንኳ ራሱን መመገብ ይጀምራል።

ሰው ጉዳዩን በምላሱ የቀመሰው ግን በአጎራባቹ ተፋሰስ ነው። የኦክላሆማዋ የቱልሳ ከተማ የመጠጥ ውኃዋን ከምታገኝባቸው ሐይቆች መካከል ዩቻና ስፓቪኖ የሚባሉት በተመሳሳይ የዶሮ እርባታ የበዛበት አገር ውስጥ ይገኛሉ። በሐይቆቹ ውስጥ የበዛው ሳያኖባክቴሪያ (እንደ አልጌ የሚበዛ ባክቴሪያ) በሚያመነጨው ጂኦስሚን በተባለ ንጥረ ነገር ምክንያት የቧንቧው ውኃ አፈር አፈር የሚል ጣዕምና ሽታ አመጣ። ከተማዋ በ2001 የዶሮ ኩባንያዎችንና ፍሳሿን ወደ ተፋሰሱ የምትለቀውን ዲካተር የተባለች የአርካንሶ ከተማ ከሰሰች፤ ጉዳዩ በ2003 በስምምነት ሲያልቅ በዚያ ተፋሰስ የፍግ ብተና በፎስፈረስ ምዘና እንዲገደብ ተደረገ።

ስለ ናይትሮጅንና ስለ ጀርሞች በአጭሩ ልበል። በዚያ አገር የኖራ ድንጋዩ በስንጥቅና በዋሻ የተሞላ ስለሆነ ናይትሬት (በውኃ የሚሟሟው የናይትሮጅን ዓይነት) ከአፈሩ ሰርጎ በምንጮች ብቅ ይላል፤ ስለዚህ ለናይትሮጅን ጎርፉን ብቻ መለካት አይበቃም። ትኩስ ፍግ እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎችንም ከዝናብ ጋር ወደ ውኃ ይልካል፤ ሰዎች በሚዋኙበት ወንዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ባክቴሪያዎች በፀሐይና በጊዜ ብዛት ይሞታሉ። ፎስፈረስ አይሞትም፣ ወደ አየርም አይተንንም፤ ከአፈር ወይ በሰብል ይወጣል ወይ በውኃ ይሄዳል።

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት መድረሱ አይቀርም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 ከፌይትቪል ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ስለሚለቀቀው ውኃ በሰጠው ውሳኔ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለላይኛው ግዛት ፈቃድ ሲሰጥ የታችኛው ግዛት የውኃ ጥራት ደንብ እንዲከበር ማድረግ እንደሚችል አረጋገጠ፤ በዚያ ጉዳይ ግን ፍሳሹ በታችኛው ወንዝ ላይ ሊለካ የሚችል ለውጥ አያመጣም በሚል የተሰጠው ፈቃድ ጸና። ከዚያ በ2005 የኦክላሆማ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የነበሩት ድሩ ኤድመንድሰን ታይሰንን ጨምሮ ትላልቅ የዶሮ ኩባንያዎችን ከሰሱ። ችሎቱ በ2009 ተጀምሮ በ2010 መጀመሪያ ተጠናቀቀ፤ ዳኛው ግሬጎሪ ፍሪዜል ኩባንያዎቹ በፍጉ ምክንያት ለደረሰው ብክለት ተጠያቂ መሆናቸውን የወሰኑት ግን በጥር 2023 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት መጠበቁ በጣም ያሳዝነኛል፤ አልጌ ፍርድን አይጠብቅም። የውሳኔውን ፍሬ ነገር ግን ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ዶሮው የኩባንያው፣ መኖው የኩባንያው፣ ትርፉም በአብዛኛው የኩባንያው ሆኖ ሳለ የሚተርፈውን ፎስፈረስ ብቻውን ገበሬው ይሸከም ማለት ሚዛናዊ አይደለም።

ለእውነት ሲባል የከተሞቹም ድርሻ መነገር አለበት። የሰሜን ምዕራብ አርካንሶ ከተሞች በፍጥነት ያደጉ ናቸው፤ ከፍሳሽ ማጣሪያዎቻቸው የሚወጣው ፎስፈረስ ዝናብ በማይዘንብበት ጊዜ የወንዙን ጥራት በዋነኛነት የሚወስን ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ማጣሪያዎቹ ሲሻሻሉ በወንዙ ላይ የሚለካው ፎስፈረስ በግልጽ ቀነሰ። በማጣሪያ ቱቦ የሚወጣን ማስተካከል የሚቻለው በአንድ ስፍራ ላይ ገንዘብ በማውጣት ነው፤ ከሺህ መስኮች በዝናብ ቀን የሚወርደውን ማስተካከል ግን የሺህ ሰዎችን ልማድ መለወጥ ይጠይቃል።

ከተሞከሩት መፍትሔዎች መካከል በጣም የሚያስደንቀኝ አልሙኒየም ሰልፌት ነው። የከተማ ውኃ ማጣሪያዎች ድፍርስ ውኃ ለማጥራት የሚጠቀሙበት ይኸው ኬሚካል በዶሮ ቤቱ ጉዝጓዝ ላይ ሲነሰነስ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጉዝጓዙን አሲዳማ አድርጎ አሞኒያ እንዳይተንን ስለሚያደርግ ዶሮዎቹ ንጹሕ አየር ይተነፍሳሉ፤ አልሙኒየሙ ደግሞ ፎስፈረሱን አስሮ በውኃ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። በፌይትቪል ፊሊፕ ሙርና የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁለት ተመሳሳይ የግጦሽ መስኮችን ጎን ለጎን አድርገው ለሦስት ዓመት ባካሄዱት ሙከራ፣ አልሙኒየም ሰልፌት የተቀላቀለበት ፍግ ከተበተነበት መስክ የወረደው ፎስፈረስ በ75 በመቶ ያነሰ ነበር። ገበሬው ዘዴውን የወደደው ስለ ወንዙ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ዶሮዎቹ ጤነኛ ስለሆኑለትና በብርዱ ወራት ለማሞቂያ የሚያወጣው ስለቀነሰ ነው። የወንዝ ጥበቃ ከገበሬው ጥቅም ጋር በአንድ መንገድ ሲሄድ እንዲህ ነው የሚጸናው። ሆኖም ይህ ዘዴ ፎስፈረሱን ያስረዋል እንጂ ከተፋሰሱ አያወጣውም፤ ክምችቱ ማደጉን ይቀጥላል።

በመኖው ላይ ፋይቴዝ የተባለ ኤንዛይም መጨመር ሌላው መንገድ ነው። በእህል ውስጥ ያለው አብዛኛው ፎስፈረስ ዶሮ ሊፈጨው በማይችል መልክ የታሰረ ነው፤ ኤንዛይሙ ይፈታዋል፣ ስለዚህ በመኖው ላይ የሚጨመረው ማዕድናዊ ፎስፈረስ ይቀንሳል። ፍጉን ከላይ ከመበተን ይልቅ ሣሩን ሳያበላሹ በቀጭን ቦይ ከአፈር ሥር የሚቀብሩ መሣሪያዎችም ተሠርተው በጎርፍ የሚሄደውን በእጅጉ እንደሚቀንሱ ታይቷል፤ በጠጠራማ መሬት ላይ ግን ማሽኑ ዝግ ይላል፣ ዋጋውም ይበዛል። ከሁሉም የሚበልጠው ፍጉን ከተፋሰሱ አውጥቶ ፎስፈረስ ወደሚያንሳቸው የእህል አገሮች መላክ ነው። አርካንሶ በ2003 ባወጣችው ሕግ የንጥረ ነገር ትርፍ ያለባቸው አካባቢዎች ተለይተው ገበሬዎች የፍግ አጠቃቀም ዕቅድ እንዲኖራቸው ከተደረገ ወዲህ ብዙ ፍግ በጭነት መኪና እየወጣ ነው። መጫኑ ውድ ነው፤ የማዳበሪያ ዋጋ ሲወደድ ፍጉ ፈላጊ ያገኛል፣ ሲረክስ ግን መንገዱ ይዘጋል።

ብተናው ዛሬ ፈጽሞ ቢቆም እንኳ ወንዙ ነገ አይጠራም። ለዓመታት የተከማቸበት አፈር አዲስ ፍግ ሳይጨመርበት ከግማሽ እስከ ሁለት ሚሊግራም በሊትር የሚደርስ የሟሟ ፎስፈረስ ሊለቅ ይችላል፤ ድርቆሽ እያጨዱ በማውጣት ብቻ ክምችቱን ወደ መደበኛው መመለስ አሥርት ዓመታት ይወስዳል። ለዚህ ነው ጉዳዩ ሳይጀመር መያዝ አለበት የምለው፤ ለዚህም ነው ነገሩ አገራችንን እንደሚመለከት የተሰማኝ።

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ያለው ችግር በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፣ ማሳው ይራባል። የምዕራቡ ደጋ ቀይ አፈርም በያዘው ብረትና አልሙኒየም ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ሰብሉ እንኳ ለማግኘት ይቸገራል። የኮርኔልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በዓባይ ተፋሰስ ባካሄዷቸው ጥናቶች ግን ጎርፉ በብዛት የሚነሣው በክረምት ውኃ ከሚጠግበው ከሸለቆው ግርጌና ከተራቆተው መሬት መሆኑን አሳይተዋል፤ የወል ግጦሽ በብዛት ያለው ደግሞ በዚያው ግርጌ ነው። በቢሾፍቱ ዙሪያም የዶሮ እርባታው በርክቷል፤ በዚያ ያሉት እንደ ሆራና ባቦጋያ ያሉ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ደግሞ መውጫ ወንዝ የላቸውም፤ የገባባቸው ፎስፈረስ እዚያው ይቀራል።

በዚያ አካባቢ የዶሮ እርባታ ለመጀመር ያሰበ ወዳጄ ጉዝጓዙን ለላሞቹ በሚያበቅለው ሣር ላይ ስለመበተን ጠይቆኝ ነበር። የመከርኩት ይህን ነው። ፍጉን በክረምት ከዝናብ በተከለለ ስፍራ ያቆየው፤ በሣሩ ላይ ከበተነም ኃይለኛው ዝናብ ካበቃ በኋላ መሬቱ ገና እርጥበት ሳለው፣ ከግርጌውና ከቦዩ ርቆ ይሁን። መጠኑንም በናይትሮጅን ሳይሆን በፎስፈረስ ይወስን፤ ለዚህም ከመጀመሪያው ብተና በፊት የላይኛውን የአፈር ሽፋን ለብቻው ያስመርምር። ከዚያ የሚተርፈውን በእርሻ ከአፈር ጋር ለሚገለብጡት አትክልት አምራቾች ይሽጥ፤ ገዢው ሩቅ ከሆነም የመኪናውን ኪራይ ከመኖና ከጫጩት ዋጋ ጎን አድርጎ ገና ከጅምሩ በእርባታው ዕቅድ ውስጥ ያስገባው።